በዋርክራፍት 3 ወርልድ ኤዲተር ዱዳዶችን በትሪገር ማዘዝ፦ ችቦዎች፣ ፍርስራሽና ሐውልት

ካርታ ሠሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በዋርክራፍት 3 ወርልድ ኤዲተር (የጨዋታው ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) የአንድ ተጫዋች የጀብዱ ካርታ እየሠራሁ ነው። የካርታው ዋና ክፍል የፈረሰ ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ ጀግናው ከመሠዊያው ፊት ወዳለችው ሪጅን (በካርታው ላይ የተከለለ ቦታ) ሲገባ ሦስት ነገሮች ተከታትለው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የተተከሉት ስምንት ችቦዎች ከመግቢያው ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እያሉ እንዲበሩ፣ ቀጥሎ በመተላለፊያው ጫፍ መንገዱን የዘጋው የድንጋይ ፍርስራሽ ጠፍቶ ሠራዊቱ እንዲያልፍ፣ በመጨረሻም ከፍርስራሹ ጀርባ የቆመው ትልቅ ሐውልት ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ እንዲያዞር ነው።

ሁሉንም ከዱዳዶች (የጌጥ ዕቃዎች) ዝርዝር ወስጄ አስቀምጫለሁ። ትሪገሩን (አንድ ነገር ሲሆን የሚፈጸሙትን ትእዛዞች) ስጽፍ ግን ዩኒትን (ወታደርን ወይም ሌላ ገጸ ባሕርይን) ወይም ሪጅንን እንደምጠራው ሁሉ አንድን ዱዳድ ለይቼ የምጠራበት መንገድ አጣሁ። በቫሪያብል መስኮቱ ውስጥ ዩኒት፣ አይተም፣ ዲስትራክቲብል (ሊፈርስ የሚችል ዕቃ)፣ ስፔሻል ኢፌክትና ሌሎችም ዓይነቶች ሲኖሩ ዱዳድ የሚል የለም። ያገኘሁት በአኒሜሽን ክፍል ሥር ያለውን፣ በአንድ ሪጅን ውስጥ የሚገኙ የአንድ ዓይነት ዱዳዶች በሙሉ የተሰጣቸውን አኒሜሽን እንዲያጫውቱ የሚያደርገውን ትእዛዝ ነው። በአኒሜሽኑ ስም ቦታ ‹ሃይድ› ስጽፍ ዱዳዶቹ ይደበቃሉ፤ ‹ሾው› ስጽፍ ደግሞ ይመለሳሉ።

ይሁን እንጂ ያሰብኩት አልሆነም። ችቦዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይበራሉ፤ ሲደበቁም እንጨቱ ከነእሳቱ ይጠፋል። ፍርስራሹ ከዓይን ይሰወራል፤ ዩኒቶቹ ግን ባዶ የሚመስለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ አሁንም ያለ ይመስል ይቆማሉ፣ ወይም ሌላ መንገድ ፍለጋ ይዞራሉ። ሐውልቱን የሚያዞር ትእዛዝ ፈጽሞ አላገኘሁም። ይህ የጨዋታው ሞተር ወሰን ነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ተሠርቶ ያለቀ ትሪገር ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ በቀሪው የካርታው ክፍል ላይም ይጠቅመኛል።


ትሪገር አንባቢ (ምላሽ)

ሦስቱም ችግሮች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ስለሆነ እርሱን አስቀድሜ ላስረዳ። ወርልድ ኤዲተር በካርታው ላይ ሲያስቀምጧቸው እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉትን ነገሮች ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ በጣም በተለያየ መንገድ ይይዛቸዋል። ዩኒት፣ አይተምና ዲስትራክቲብል ለሞተሩ የየራሳቸው ማንነት ያላቸው ነገሮች ናቸው። በካርታው ላይ የተቀመጠን አንድ ዲስትራክቲብል በትሪገር ውስጥ ሲጠቅሱት ኤዲተሩ በስክሪፕቱ (በካርታው ኮድ) ውስጥ ‹ጂጂ_ደስት› ብሎ የሚጀምር ቫሪያብል በራሱ ይፈጥርለታል፤ ለዩኒት ‹ጂጂ_ዩኒት›፣ ለሪጅን ደግሞ ‹ጂጂ_አርሲቲ› እንደሚለው ማለት ነው። ለዱዳድ እንዲህ ያለ ቫሪያብል ሊፈጠርለት አይችልም፤ ጃስ በተባለው የስክሪፕቱ ቋንቋ ውስጥ ዱዳድ የሚባል የዳታ ዓይነት የለምና። ካርታው ሲጫን ዱዳዱ ከፋይል ተነቦ በቦታው ይሣላል፣ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

‹ለማለት ይቻላል› ያልኩት ሞተሩ ለዱዳድ ሁለት ፈንክሽኖችን (በስክሪፕት የሚጠሩ ትእዛዞችን) ስለተወለት ነው። አንደኛው እርስዎ ያገኙት፣ በሪጅን የሚሠራው ነው፤ ሁለተኛው አንድ ነጥብና ራዲየስ ተቀብሎ በዚያ ክብ ውስጥ ያሉትን ያዛል። ሁለቱም ዱዳዱን የሚለዩት በዓይነቱና ባለበት ስፍራ ነው። ስለዚህ አንድን ዱዳድ ለብቻው ለማዘዝ ከሁለቱ በአንዱ ከሌሎቹ እንዲለይ ማድረግ አለብዎት። ለችቦዎቹ የመጀመሪያው አማራጭ ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ጠባብ ሪጅን ሠርቶ አራቱን ሪጅኖች በተከታታይ፣ በመካከላቸው የግማሽ ሰከንድ ያህል ቆይታ እያስገቡ መጥራት ነው። ሌላው አማራጭ፣ እኔ በግሌ የምመርጠው፣ በኦብጀክት ኤዲተር (የዕቃዎች ዓይነትና ባሕርይ የሚስተካከልበት መስኮት) ውስጥ ያንኑ ዱዳድ አራት ጊዜ ቀድቶ አራት ዓይነት ማድረግ ነው። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ለሞተሩ አራት የተለያዩ ዓይነቶች ስለሆኑ የካርታውን ሙሉ ስፋት እንደ ሪጅን ሰጥተው በዓይነት ብቻ መጥራት ይችላሉ፤ በኋላ ችቦውን ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩትም ትሪገሩን መንካት አያስፈልግዎትም።

በነጥብና በራዲየስ የሚሠራውን ለመጠቀም ካሰቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዋናው ፈንክሽን በክቡ ውስጥ ካሉት መካከል ለመሐል ነጥቡ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ ለማዘዝ የሚያስችል የእውነት ወይም ሐሰት መምረጫ አለው። በትሪገር መስኮቱ ላይ የሚታየው ትእዛዝ ግን ይህን መምረጫ ሁልጊዜ ሐሰት አድርጎ ስለሚያስተላልፈው በክቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይታዘዛሉ። የቅርቡን ብቻ ከፈለጉ ፈንክሽኑን በከስተም ስክሪፕት (በእጅ በሚጻፍ ኮድ) መስመር በቀጥታ መጥራት ይኖርብዎታል። በቀጥታ ሲጠሩት ነጥቡን በኤክስና በዋይ ቁጥሮች ስለሚቀበል፣ ከተጠቀሙ በኋላ ካልተሰረዘ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የሚከማቸውን የነጥብ ዕቃም ከመፍጠር ይድናሉ።

እንጨቱ ከነእሳቱ የሚጠፋው ‹ሃይድ› መላውን ሞዴል ስለሚደብቅ ነው። እሳት የሌለውን ምሰሶ እንደ አንድ ዱዳድ፣ ነበልባሉን ደግሞ እንደ ሌላ ዱዳድ በዚያው ነጥብ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጨዋታው እንደጀመረ ነበልባሎቹን ይደብቁና ጊዜያቸው ሲደርስ ይግለጧቸው። ተጫዋቹ ከሩቅ ሆኖ፣ በጭጋግ በተሸፈነ (ሠራዊቱ በማያየው) ክፍል ውስጥ ያሉትንም ነበልባሎች እንዲያይ ከፈለጉ በኦብጀክት ኤዲተር ውስጥ ዱዳዱ በጭጋግ ውስጥ እንዲታይና እንዲንቀሳቀስ የሚያደርጉትን ሁለት ቅንብሮች ያብሯቸው።

ፍርስራሹ መንገድ ያልለቀቀው ደግሞ የዱዳድ የመተላለፊያ ክልከላ የሚወሰነው ካርታው ሴቭ ሲደረግ ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ክልከላው ‹ዋር3ማፕ.ደብሊውፒኤም› በተባለው የመተላለፊያ ፋይል ላይ ይታተማል። ይህ ፋይል መሬቱን 32 በ32 በሆኑ ትናንሽ ሕዋሶች ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ መራመድ፣ መብረርና መገንባት ይቻል ወይም አይቻል እንደሆነ ይመዘግባል። አንድ የመሬት ንጣፍ 128 በ128 ስለሆነ በውስጡ 16 ሕዋሶች አሉት ማለት ነው። ሠራዊቱ መንገዱን የሚያሰላው ከዚህ መዝገብ ነው፤ ሥዕሉ መኖሩን ወይም መደበቁን አይመለከትም።

የዲስትራክቲብል ክልከላ በአንጻሩ ከራሱ ከዕቃው ጋር የታሰረ ነው። ዕቃው ሲፈርስ ወይም ሲወገድ ክልከላውም ይነሣል። ስለዚህ በኦብጀክት ኤዲተር ውስጥ አንድ የድንጋይ ዲስትራክቲብል ቀድተው የሞዴሉን ፋይል በወደዱት የፍርስራሽ ዱዳድ ሞዴል ይተኩት፤ ተጫዋቹ ቀድሞ እንዳያፈርሰውም የማይጎዳ ያድርጉት። ሞዴሉ የመፍረስ አኒሜሽን ካለው ትሪገሩ ይግደለው፤ ከሌለው ግን ማስወገድ ይሻላል። ቢገድሉት ለሞተው ዕቃ የሚሠራ ሁለተኛ የክልከላ ቅንብር ስላለ እርሱ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ።

የእኔ ጽኑ አስተያየት ይህ ነው፦ በጨዋታው መካከል መንገድ የሚዘጋ ወይም የሚከፍት ማንኛውም ነገር ገና ሲቀመጥ ዱዳድ መሆን የለበትም። ዓይነቱን የሚወስነው መልኩ ሳይሆን በኋላ የሚጠበቅበት ሥራ ነው፤ መልኩን በማንኛውም ዓይነት ላይ ማልበስ ይቻላልና።


ቦታ ነዳፊ (ምላሽ)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ስለ ፍርስራሹ በቀረበው መፍትሔ ላይ ግን ልዩነት አለኝ። አንድ ድንጋይ ከሆነ ዲስትራክቲብል ማድረጉ ትክክል ነው። የፈረሰ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ አይሆንም፤ የተሰበረ ዐምድ፣ ያጋደለ ግንብ፣ ጠጠርና አቧራ በተለያየ መጠንና አቅጣጫ ተደራርበው የሚሠሩት ነው። ክልከላ ያላቸውን ዲስትራክቲብሎች ሲያስቀምጡ ኤዲተሩ ወደ መተላለፊያው መረብ ስለሚጎትታቸው እንደ ልብ አቀራርቦ መደራረብ ያስቸግራል። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዓይነት በኦብጀክት ኤዲተር ውስጥ ወደ ዲስትራክቲብል መቀየርም አሰልቺ ከመሆኑ በላይ ካርታውን በማያስፈልጉ ዓይነቶች ይሞላዋል።

እኔ ውበቱንና ክልከላውን እለያያቸዋለሁ። ፍርስራሹ ዱዳድ ሆኖ ይቅር፤ ነገር ግን በኦብጀክት ኤዲተር ውስጥ የተቀዱ ዓይነቶች ይሁኑና የመተላለፊያ ክልከላ ቅንብራቸው ባዶ ይደረግ። ከዚያ በኋላ በፍርስራሹ ሥር ፓቲንግ ብሎከር የሚባሉትን የማይታዩ መከልከያዎች ይደርድሩ። እነዚህ በኤዲተሩ ውስጥ የሚገኙት ከዲስትራክቲብሎች ጋር ነው፤ የምድር ብቻ፣ የአየር ብቻና የሁለቱም የሚባሉ፣ በትንሽና በትልቅ መጠን የቀረቡ ናቸው። ጊዜው ሲደርስ ትሪገሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ዱዳዶቹን በ‹ሃይድ› ይደብቃል፣ በሪጅኑ ውስጥ ያሉትን ዲስትራክቲብሎች እየመረጠ መከልከያዎቹን ያስወግዳል። በዚህ መንገድ ፍርስራሹን የፈለጉትን ያህል ማስጌጥ ይችላሉ፤ ክልከላውም በትክክል እርስዎ ባሰቡት መስመር ላይ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሪጅን ውስጥ ያሉትን ዲስትራክቲብሎች ሁሉ የሚመርጠው ትእዛዝ ዛፎችንም ይመርጣል፤ ዛፍ በዋርክራፍት 3 ውስጥ ዲስትራክቲብል ነውና። በቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ መካከል የበቀለ ዛፍ ካለዎት፣ የተመረጠው ዕቃ ዓይነት ከመከልከያው ዓይነት ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቅድመ ሁኔታ ሳያስገቡ ትሪገሩን ቢያስኬዱት ዛፉም አብሮ ይጠፋል።

መከልከያ ሳያስቀምጡ የመሬቱን ሕዋሶች በስክሪፕት በቀጥታ መክፈትና መዝጋት የሚያስችል ፈንክሽንም አለ። ሕዋሶቹን በ32 እየዘለሉ አንድ በአንድ መጥራት ስለሚጠይቅ ለትንሽ በር የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ሰፊ የወንዝ መሻገሪያ ወይም ቅርጹ የተጠማዘዘ ግድግዳ ላይ ግን ይጠቅማል። ከተጠቀሙበት የአንድን ቦታ መተላለፊያነት የሚጠይቀው ተጓዳኝ ፈንክሽን መልሱን ገልብጦ እንደሚሰጥ ይወቁ፤ ቦታው ዝግ ሲሆን እውነት፣ ክፍት ሲሆን ሐሰት ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ትሪገሩ ላይ የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ብዙ ሊደክም ይችላል።


ሞዴል አዋቂ (ምላሽ)

ሐውልቱ እስካሁን ስላልተነካ ስለ እርሱ እጽፋለሁ። ዱዳድን ማዞር አይቻልም፤ ዲስትራክቲብልም ቢያደርጉት አቅጣጫው ሲፈጠር ብቻ የሚወሰን ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚያዞረው ትእዛዝ የለም። የሚቀሩት ዩኒትና ስፔሻል ኢፌክት ናቸው።

ለብዙ ዓመታት የተለመደው መንገድ ዩኒቱ ነበር። የሐውልቱን ሞዴል የለበሰ ዩኒት ተሠርቶ ‹ኤሎክ› በሚል ኮድ የሚታወቀው የሎከስት ችሎታ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹ በመዳፊት ሊመርጠው አይችልም፣ ጠላትም አያጠቃውም። ይህ ዛሬም ይሠራል፤ ሐውልቱ ቆይቶ የሚናገር ወይም የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ከሆነ እኔም ዩኒትን እመርጣለሁ። ነገር ግን ሎከስት ያለው ዩኒት በሪጅን ውስጥ ያሉ ዩኒቶችን በሚመርጡ ትእዛዞች ውስጥ ስለማይካተት፣ ካርታው ሲጀምር በቫሪያብል መያዝ ይኖርብዎታል።

ለጌጥ ብቻ ለሚዞር ሐውልት ግን በ2018 በወጡት የጨዋታው እትሞች የተጨመሩት የስፔሻል ኢፌክት ፈንክሽኖች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ከእነርሱ በፊት ኢፌክትን መፍጠርና ማጥፋት እንጂ ከተፈጠረ በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር፤ አሁን ቦታውን፣ ከፍታውን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ የአኒሜሽኑን ፍጥነትና በሦስቱም ዘንግ ያለውን አቅጣጫ መለወጥ ይቻላል። ሐውልቱን ከዱዳድነት ያውጡትና ካርታው ሲጀምር በዚያው ነጥብ ላይ የሞዴሉን ፋይል ተጠቅመው እንደ ኢፌክት ይፍጠሩት፤ ወዲያውም በቫሪያብል ያስቀምጡት። ቀስ ብሎ እንዲዞር በየ0.03 ሰከንዱ የሚደጋገም ታይመር (ሰዓት ቆጣሪ) ይጀምሩና በየዙሩ አቅጣጫውን በጥቂቱ ይጨምሩ። ለምሳሌ በ3 ሰከንድ ውስጥ 90 ዲግሪ እንዲዞር ከፈለጉ 100 ዙር ይሆናል፤ በየዙሩ የሚጨመረውም 0.9 ዲግሪ ነው። ፈንክሽኑ አቅጣጫውን የሚቀበለው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን (በሌላው የማዕዘን መለኪያ) ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 0.0157 ይጠጋል። ዲግሪውን ሳይለውጡ 0.9 ቢሰጡት ሐውልቱ በየዙሩ ከ51 ዲግሪ በላይ ስለሚዘል የተንቀጠቀጠ ይመስላል።

የድንጋይ ክብደት እንዲሰማ ከፈለጉ ፍጥነቱን እኩል አያድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣም ትንሽ በሆነ ጭማሪ ይጀምሩ፣ መካከሉ ላይ ያፍጥኑ፣ መጨረሻው ላይ መልሰው ያዝግሙት፤ ከሥሩም የአቧራ ኢፌክት ይፍጠሩ። ተጫዋቹ ሐውልቱን እንደ ከባድ ድንጋይ የሚቀበለው ከሞዴሉ ጥራት ይልቅ በዚህ አነሣሡና አቋቋሙ ነው፤ ብዙ ካርታዎች ላይ የሚያምሩ ሞዴሎች እንደ ወረቀት ሲሽከረከሩ ማየት ያሳዝነኛል።

ኢፌክት የመተላለፊያ ክልከላ ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ ዩኒቶች በሐውልቱ ሆድ ውስጥ እንዳያልፉ ቦታ ነዳፊ የጠቀሷቸውን መከልከያዎች ከሥሩ ያስቀምጡ፤ ሐውልቱ ባለበት ስለሚዞር መከልከያዎቹን ማንቀሳቀስ አይጠበቅብዎትም። ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ ታይመሩን ማጥፋትዎን አይርሱ።


ካርታ ሠሪ (ተጨማሪ ጥያቄ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ነበልባሎቹን በአራት ዓይነት ከፍዬ፣ ፍርስራሹን በማይታዩ መከልከያዎች አስይዤ፣ ሐውልቱንም ኢፌክት አድርጌ ሞከርኩት፤ ትዕይንቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳሰብኩት ሄደ። ፍርስራሹን በተመለከተ ቁራጮቹ ብዙ ስለሆኑ የቦታ ነዳፊን መንገድ ተከትያለሁ፤ በሌላ የካርታው ክፍል ላለ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ግን ዲስትራክቲብሉን መርጫለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ይህንኑ ካርታ ወደፊት በስታርክራፍት 2 ኤዲተር እንደገና ልሠራው አስባለሁ። እዚያም ዱዳድ የሚባል ክፍል እንዳለ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ክፍፍል እዚያም እንዲሁ ይቀጥላል?


ትሪገር አንባቢ (ምላሽ)

ስሙ አንድ ቢሆንም አሠራሩ በጣም የተለየ ነው። በእርግጥ ጌጥን በትሪገር የማዘዝ ሐሳብ ከዋርክራፍት 3 ይቀድማል፤ በ1998 የወጣው የመጀመሪያው ስታርክራፍት ኤዲተርም የዱዳድን ሁኔታ የሚያበራ፣ የሚያጠፋና የሚገለብጥ ትእዛዝ ነበረው። ያ ትእዛዝ የሚያገለግለው ግን እንደ በርና ወጥመድ ላሉት፣ በውስጣቸው እንደ ዩኒት ለሚቆጠሩት ዱዳዶች ነበር።

በ2010 የወጣው ስታርክራፍት 2 ዱዳድን አክተር ከሚላቸው ነገሮች ጋር መደበው። አክተር ማለት በስክሪን ላይ የሚታይና የሚሰማ ነገር ሁሉ ነው፤ የዩኒት ሞዴል፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ጌጥም ጭምር። እዚያ በካርታው ላይ ያስቀመጡትን አንድ ዱዳድ በትሪገር ውስጥ በቀጥታ መርጠው መልእክት ሊልኩለት ይችላሉ፦ እንዲደበቅ፣ አኒሜሽን እንዲያጫውት፣ መጠኑን፣ ቀለሙን ወይም የግልጽነቱን ደረጃ እንዲለውጥ፣ እንዲጠፋም። ስለዚህ ስምንቱን ችቦዎች ለመለየት ዓይነታቸውን መቅዳት አያስፈልግዎትም፤ እያንዳንዱን በየራሱ ማዘዝ ይችላሉ። ለአንድ አካባቢ በሙሉ መልእክት መላክም ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ነጻነት የራሱ ወሰን አለው። አክተሮች የሚኖሩት በእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር የማሳያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ የጨዋታው ስሌት በሁሉም ተጫዋቾች ዘንድ እኩል የሚሄድበት ክፍል ስለ እነርሱ አያውቅም። ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ በአክተር ሁኔታ ላይ መመሥረት አይገባም። ‹ችቦው ከበራ በሩ ይከፈት› ማለት ሲፈልጉ ችቦውን ከመጠየቅ ይልቅ በቫሪያብል ላይ ‹የመሠዊያው ሥርዓት ተፈጽሟል› ብለው ይመዝግቡ፤ ችቦውም በሩም ያንን ቫሪያብል ይከተሉ። በአሁኑ ካርታዎ ላይም ከወዲሁ እንዲህ አድርገው ቢያዋቅሩት ወደ ስታርክራፍት 2 ሲሸጋገሩ የታሪኩን ትሪገሮች አሠራር እንደያዙ መቀጠል ስለሚችሉ፣ እንደ አዲስ የሚያቅዱት ጌጡን የሚያዙትን መስመሮች ብቻ ይሆናል።